ሲስተር አስካለ ከትንሿ ጣት ይጀምሩ ነበር

ሲስተር አስካለን የቀበሯቸው ሐሙስ ነው። እኔ በራቸው ላይ የደረስኩት ቅዳሜ ነው።

የጥፍር መቁረጫው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ከበሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ወንበር እንደ ወትሮዋ ቦታዋ ላይ ናት። ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። ጎረቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ከግቢው ጥግ አይተውኝ ቀስ እያሉ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል።

«አንቺ የቅዳሜዋ» አሉኝ። «ማንም አልነገረሽም?»

ጥቁር ልብሳቸውን እንደገና አየሁት።

«ምን እናድርግ ብለሽ ነው። ስምሽን የሚያውቅ ጠፋ። ስልካቸውን ከፍተን አየን፤ ‹ወለተ ማርያም› የሚል አገኘን። የገዳም እናት መሰለችንና ተውናት።»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ወለተ ማርያም የክርስትና ስሜ ነው። ሲስተር አስካለ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። ሰባት ዓመት ወደዚህ ግቢ ስመላለስ ስሜን ለማንም አልነገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብዙ አልናገርም። እሳቸውም ብዙ አይናገሩም ነበር። የተስማማነው ለዚያ ይመስለኛል።

እትዬ ብዙነሽ አጠገቤ ተቀምጠው አለቀሱ። የእኔ እንባ ቶሎ አይመጣም። የአግዳሚዋን ጠርዝ ያዝኩ።

የተዋወቅነው በጥር ወር፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ስንቀበል ነው። ያኔ ኮተቤ ውስጥ በየሰው ቤት እየዞርኩ ልብስ አጥባለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። መዳፌን ለጸበሉ ስዘረጋ ከጎኔ የቆሙ አጭር ቀጭን ሴት ጣቶቼን ትኩር ብለው አዩ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከቅጥሩ ስወጣ ደረሱብኝ።

«እንሶስላው ለምንድን ነው? ሰርግ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ትደብቂያለሽ?»

እውነታቸውን ነው፤ እደብቅ ነበር። ጥፍሮቼ ከጫፋቸው እየነጡ፣ ሥጋውን እየለቀቁ ወደ ውስጥ ይሄዱ ነበር። ሕመም የለውም። ግን የሞተ ነገር ይመስላል። በአንደኛው ሥር አረንጓዴ ነገር ታይቷል። ቆሻሻ መስሎኝ በመርፌ ቁልፍ እቆፍረዋለሁ፣ በሎሚ አሸዋለሁ። በቆፈርኩት ቁጥር ወደ ውስጥ ይርቃል። ልብስ የማጥብላት አንዲት ሴት አየችና «የሕፃኑን ልብስ አትንኪ» አለችኝ። በሳምንቱ ከነአካቴው አትምጪ ተባልኩ። ሌላ ቤትም እንዲሁ ሆነ። እንሶስላ ገዝቼ፣ ወቅጬ፣ ጥፍሬን ያቀላሁት ያን ጊዜ ነው። እጄ ከሥራ ከወጣ ልጆቼም ከትምህርት ቤት እንደሚወጡ አውቅ ነበር።

ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

«ቅዳሜ ነይ» አሉና ቤታቸውን ጠቁመውኝ ሄዱ።

በመንግሥት ሆስፒታል ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። አላገቡም፣ ልጅም የላቸውም። ያላቸው አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ አልጋ፣ ቀኑን ሙሉ በዝቅተኛ ድምፅ የሚናገር ሬዲዮ ነው። አንድ ጊዜ ምን እንደሚሰሙ ጠየቅኳቸው።

«አልሰማውም» አሉ። «ሰው ያለ ይመስላል።»

አሠራራቸው አንድ ዓይነት ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። በነጭ ጨርቅ ያደርቃሉ። ከትንሿ ጣት ይጀምራሉ፤ አንድ በአንድ፣ በጣቶቹ መሐልም ጭምር። ቀጥሎ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ያወጡና የእኔን እጅ በዚያው ሥርዓት ያደርቃሉ፤ ደርቆ ቢመጣም እንኳ። ከዚያ እጄን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳይናገሩ ያዩታል። ይቆያሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደዚያ ሲይዙኝ፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እጄን የያዘ ሰው እንዳልነበረ ትዝ አለኝ። አቀረቀርኩ።

«በምን ታጥቢያለሽ?»

«በሳሙናና በበረኪና።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት።»

«ማታስ እጅሽን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«በጨው ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ።»

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ቀን የራሰው አንሶት ማታ ደግሞ ትዘፈዝፊዋለሽ? ጥፍር ነው ወይስ ባቄላ?»

ሳቅሁ። ራሴን ስስቅ ሰምቼ ደነገጥኩ።

ያስረዱኝ በአጭሩ ነው። ጥፍር ውኃ ሲበዛበት ሥጋውን ይለቃል። በለቀቀበት ክፍተት ሳሙናው ይገባል፤ እሱ ደግሞ ሌላውን ያስለቅቃል። አረንጓዴውም እርጥበት የጠራው ተህዋስ ነው። «አንቺ ደግሞ በመርፌ በር ትከፍቺለታለሽ» አሉኝ።

«ተመልሶ ይጣበቃል?»

«የለቀቀው አይጣበቅም። አዲሱ ከሥር እያደገ ይተካዋል። ስድስት ወር ይፈጃል። ትችያለሽ?»

«በእግዚአብሔር ኃይል።»

መቁረጫውን አንስተው የለቀቀውን ጥፍር እስከያዘበት ድረስ ቆረጡት። ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አላመመኝም። «ቆርቆሮ ሲነሳ ሚስማር ይመቱበታል» አሉ እየቆረጡ። «ጥፍር ሲነሳ ግን ይቆረጣል። ቢቀር ልብስ ይይዘውና ሌላውን ይጎትታል።»

ከአሮጌ አንሶላ በእጃቸው የሰፉት ጓንት ሰጡኝ። እሱን ከውስጥ፣ የላስቲክ ጓንት ከላይ እንዳደርግ ነገሩኝ። ላስቲኩ ውኃውን ይከለክላል፣ ጨርቁ ላቡን ይጠጣል። ማታ በጥፍሬ ዙሪያ ቫዝሊን እንድቀባም አዘዙኝ። መርፌ ቁልፉን ከቦርሳዬ አስወጥተው ወሰዱብኝ። «ፈንገስ ነው ብሎ ቅባት የሚሸጥልሽ ካለ እሺ እንዳትዪ» አሉ። «ፈንገስ በዓይን አይለይም። ተፍቆ በላቦራቶሪ ይታያል።»

አንድ ነገር ከብዶኝ ነበር። ለሁለት ሳምንት እንጦጦ ጸበል ወጥቼ እጄን ልነክር ተስዬ ነበር። እየፈራሁ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም።

«ጸበሉን ጠጪ» አሉኝ። «ጣትሽን አድርቂ። እግዚአብሔር በደረቅ ጣትም ያድናል።»

ዐቢይ ጾም ሲገባ አብረን ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመርን። ታክሲው ካወረደን በኋላ በባሕር ዛፉ መሐል ያለውን አቀበት በእግር ነው የምንወጣው። ስንመለስ የእንጨት ሸክም ይዘው የሚወርዱ ሴቶች ያገኙናል። ሲስተር አስካለ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጡና የሚያርፉትን ሴቶች እግር ያያሉ። የብዙዎቹ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሯል ወይም ለቋል።

«እናቴ፣ ጣትሽን አሳዪኝ» አሏት አንዷን።

«ምነው? ጫማ ሊገዙልኝ ነው?» አለች ሴትዮዋ፤ ጓደኞቿ ሳቁ።

«ጫማሽን ልቀድልሽ ነው።»

እውነት ሳይመስላት የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ሰጠቻቸው። እሳቸውም መቀስ አውጥተው ፊቱን ቆርጠው ጣሉት። ሴትዮዋ ጮኸች።

«በማርያም! አንድ ጫማ ነው ያለኝ!»

«ቁልቁል ስትወርጂ ጣትሽ የጫማውን አፍንጫ እየመታ ነው ጥፍርሽ የሚለቀው። አሁን የሚመታው የለም። ውረጂ እስኪ።»

ሴትዮዋ ሸክሟን ተሸክማ ጥቂት ወረደች። ዞር ብላ አየቻቸው። መንገዷን ቀጠለች። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ድንጋይ ላይ ሦስት ሴቶች ይዛ ጠበቀችን። «ጫማ ቀዳጇ መጡ!» አለች ከሩቅ።

በእንጦጦ ፓርክ በኩል በጥሩ ጫማ የሚሮጡ ወጣቶችም ያልፉ ነበር። ሲስተር የአንዳንዶቹን እርምጃ አይተው «የእነዚህም ይለቃል» ይሉ ነበር። «ቁልቁለት ሀብታም ከድሃ አይለይም።»

ስወጣ ግን እኔ እየደከምኩ ነበር። አንድ ቀን አቀበቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

«ልቤ» አልኳቸው።

«ጾሙ ነው» አሉኝ። «የእኔም ይመታል።»

ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አንቀምስም ነበር። እኔ ከስቻለሁ፤ ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሴቶች «ዘንድሮስ ጾሙን ያዝሽው» ይሉኛል። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። እንደ ሰው በላን፣ ጠጣን። ስምንቱ ጥፍሮቼ ከሥራቸው እየጠሩ መጡ። የሁለቱ የቀለበት ጣቶቼ ጥፍሮች ግን አዲስ ሆነው ሳለ እንደገና መልቀቅ ጀመሩ።

«ጓንቱን ታወልቂያለሽ?»

«አላወልቅም።»

«ትቆፍሪያለሽ?»

«አልቆፍርም።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ዋሸች ያሉኝ መሰለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ ረዘመብኝ። ሌላ የማዋየው ሰው አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሄድኩ። ሙቀት ነበር። እኔ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው የምውለው፤ ቤት ውስጥም ቢሆን አላወርደውም። ያን ዕለት ላቡ ሲበዛብኝ ወደ ትከሻዬ ጣል አድርጌ ውኃ ጠጣሁ። ሲስተር ግራ እጄን ይዘው ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ደግመሽ ዋጪ» አሉኝ።

ዋጥኩ።

«አሁንም።»

እጄን አስቀምጠው ተነሱ። ሬዲዮውን አጠፉት። ሲያጠፉት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላዬ ቆመው አንገቴን በጣቶቻቸው ዳሰሱ። ከዚያ እጄን አስዘርግተው አንድ ወረቀት በጣቶቼ ላይ አደረጉ። ወረቀቱ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ይርገፈገፍ ጀመር። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ነፋስ የለም።

«ልብሽ እንዲህ መምታት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከገና ወዲህ መሰለኝ።»

«እንቅልፍስ?»

«ትንሽ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የጠየቁኝ ስለ ጥፍሬ ነው።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ተሳስቻለሁ፣ ወለተ ማርያም» አሉ። «ጥፍርሽን ሳይ አንገትሽን ሳላይ ቀረሁ። ነጠላሽን ግለጪ አላልኩሽም። ስትከሺ ጾም ነው አልኩ፣ እኔም ስለምጾም። እንቅርትሽ ነው። ጥፍርን እሱም ያስለቅቀዋል። አውቀው ነበር።»

በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ‹ተሳስቻለሁ› ሲለኝ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ሰኞ ሆስፒታል ይዘውኝ ሄዱ። ከእኔ ቀድመው ደርሰው ሰልፍ ይዘውልኝ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው። የሆነውን ሁሉ እየጻፈ «ከዚህ በፊት ማን አይቷት ነበር?» አለ።

«እኔ» አሉ ሲስተር። «ሦስት ወር አዘገየኋት። ጻፈው።»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ አይጻፍም።»

«ጻፈው ልጄ። ነገ አንተም ስትሳሳት መጻፍ እንዳይከብድህ።»

ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም፤ ሲስተር ግን ጎንበስ ብለው አንብበው በይሁንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የደም ምርመራው አንገቴ ላይ ያለው ዕጢ ከልኩ በላይ እንደሚሠራ አሳየ። ቢቆይ ልቤን ይጎዳው እንደነበር ሐኪሙ ነገረን። ልጆቼ አባታቸውን አጥተዋል፤ እናታቸውንም ሊያጡ ነበር። ክኒን ታዘዘልኝ፤ ደሜ በየጊዜው ይታያል። ልቤ በክረምቱ መግቢያ ሰከነ። ክረምቱ ሲያልቅ አሥሩም ጥፍሮቼ እስከ ጫፋቸው ሥጋዬን ይዘው ነበር። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ወረደ። የግቢው ሰው ሁሉ ለበረከት ሊጠመቅ ወጣ፤ ሕፃናቱ ይጮኻሉ። እኔ በሲስተር በር ላይ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

«ጣቴ እንዳይርስ።»

«ዛሬ ይራስ። ስትመለሺ ታደርቂዋለሽ።»

ሁለታችንም ወጣን። እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ቆምን። ሲስተር አስካለ ዝናቡ ፊታቸው ላይ እየወረደ ሳቁ። ጥርሳቸውን እንደዚያ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ገባንና፣ እሳቸው የእኔን፣ እኔ የእሳቸውን እጅ አደረቅን።

በኋላ የቤት ኪራይ ወደ የካ አባዶ አራቀኝ። ሥራዬም ተቀየረ፤ አሁን በማሽን ልብስ በሚያጥብ ቤት ነው የምተኩሰው። ቅዳሜን ግን አልተውኩም። የሲስተር ዓይን እየደከመ ሲመጣ ተራው የእኔ ሆነ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ የእጅና የእግር ጥፍራቸውን እቆርጥላቸዋለሁ። አናወራም። ሬዲዮው ያወራል።

ያለፈው ቅዳሜ የጥፍር ቀናቸው ነበር። የትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠራና ቀረሁ። ደወልኩላቸው።

«ይደርሳል» አሉኝ። «ጥፍር አይሸሽም።»

ድምፃቸው ደህና ነበር። የመጨረሻው እሱ ነው።

አግዳሚዋ ላይ እንደተቀመጥኩ እትዬ ብዙነሽን ጠየቅኳቸው።

«የገነዛቸው ማን ነው?»

«እኔና ሌሎች ሁለት ሴቶች።»

«ጥፍራቸው ረዝሞ ነበር?»

እትዬ ብዙነሽ እንባቸውን መጥረግ አቁመው አዩኝ። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «አልረዘመም። ተቆርጦ ነበር። ግን ጠማማ ነው፤ የማያይ ሰው የቆረጠው ይመስላል። አውራ ጣታቸው ላይ የደረቀ ደም ነበር።»

የቆረጡት ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አላውቅም። ያቺን ክፍል አሰብኳት። ሬዲዮው ዝቅ ብሎ እያወራ፣ እሳቸው በማያይ ዓይናቸው መቀሱን ይዘው። እንባዬ ያን ጊዜ መጣ።

እትዬ ብዙነሽ ትከሻዬን ያዙ። እንደዚያ ሆነን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ አንገቷን አስግጋ ገባች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። እጆቿ ኪሷ ውስጥ ናቸው።

«ሲስተር አሉ? ስለ ጥፍር የሚያውቁት?»

«አረፉ እኮ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ልጅቷ ቆመች። መሄድም መግባትም አልቻለችም። «ነፍስ ይማር» አለች በመጨረሻ። «አላወቅኩም። ይቅርታ።» ልትዞር ስትል እጇ ከኪሷ ወጣ። ጥፍሮቿ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ከላይ ደጋግመው የቀቡት ዓይነት።

«ነይ» አልኳት። «ተቀመጪ።»

«ነርስ ነዎት?»

«አይደለሁም። ልብስ ተኳሽ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጸጉር ቤት። ጸጉር አጥባለሁ።» ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀለሙን ካነሳሁት ደንበኞች አይተው ይሸሻሉ… የጸጉር ቤቱ ባለቤት ታባርረኛለች።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «መጀመሪያ ሻርፕሽን አውርጂልኝ።»

«ያመመኝ እኮ ጥፍሬ ነው።»

«አውቃለሁ። አንገትሽን ልየው። እየዋጥሽ።»

ግራ እየገባት ሻርፑን ፈታች። ዋጠች። ያበጠ ነገር አላየሁም። ግን እኔ ምን አውቃለሁ።

«ሰኞ ጤና ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። «እስከዚያ ቀለሙን አስለቅቂው። አትቆፍሪው። የለቀቀውን እኔ እቆርጥልሻለሁ።»

መቁረጫውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እትዬ ብዙነሽ ሳልጠይቃቸው ውኃና ሳሙና አመጡልኝ። እጄን ታጥቤ አደረቅኩ። የልጅቷን እጅ ወስጄ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ እጇ ቀዝቅዟል፣ በጣቶቿ መሐል ገና እርጥበት አለ። ነጭ ጨርቅ አልነበረኝም። የነጠላዬን ንጹሕ ጫፍ ያዝኩ።

ከትንሿ ጣት ጀመርኩ።